አዲስ አበባ–ዋሽንግተን፦ መሄጃው 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13፤ እንዴት ነው ነገሩ?

የአራት ኪሎ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10)

ሰላም ለቤቱ። አንድ ሒሳብ አልገጥም ብሎኝ ነው።

እናቴ ኅዳር መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን ትሄዳለች። እህቴ ልትወልድ ስለሆነ ልታርሳት ነው። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ ጉልበቷንም ያማታል። ስንት ሰዓት እንደምትቀመጥ ቁርጡን ማወቅ ፈለግሁ።

ትኬቱን የቆረጥነው ቸርችል ጎዳና ካለ አንድ ቢሮ ነው። «መሄጃው 17 ሰዓት ገደማ፣ መመለሻው 13» አሉን። ማታ ቁጭ ብዬ ርቀቱን አየሁ። ከቦሌ እስከ ደላስ ኤርፖርት በአጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን በሰዓት 900 ይበራል ብንል 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። መመለሻው ገጠመ። የመሄጃው 4 ሰዓት የት ገባ? ያው ሰማይ አይደል እንዴ?

ፒያሳ ማኅሙድ ጋ ጠብቂኝ (ከምሽቱ 2:16)

አሜሪካ ካርታው ላይ ከላይ ናት። ሲሄዱ ዳገት፣ ሲመለሱ ቁልቁለት። ቀጣይ ጥያቄ?

ሜክሲኮ 77 (ከምሽቱ 2:24)

ቀልዱን ተዉትና፣ ይኼ የምድር መዞር ነው። ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ከዙሩ ጋር ይታገላል። ሲመለስ ዙሩ ያግዘዋል። አለቀ።

ጡረተኛው መምህር (ከምሽቱ 2:51)

ሜክሲኮ፣ ልጄ፣ አላለቀም። ባልከው መንገድ እንሂድና እንየው። ምድር ከአውሮፕላኑ ሥር ብቻዋን የምትዞር ቢሆን፣ ዋሽንግተን ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ እኛ እየመጣች ነው። መሄጃው ማጠር ነበረበት! ግን እንዲያ አይደለም። አየሩም፣ አውሮፕላኑም፣ ቦሌም ከምድር ጋር አብረው ይዞራሉ። አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠህ ሎሚ ወደ ላይ ብትወረውር መልሶ እጅህ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ኋላ ወንበር ላይ አይወድቅም።

ለውጥ የሚያመጣው ነፋሱ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ ከሜዲትራኒያን ወደ ሰሜን ባለው ሰማይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። ሲበረታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በየካቲት 2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። ማዕበሉ ከኋላ እየገፋው ነው። በወትሮው ከ6 ሰዓት በላይ የሚወስድ መንገድ ነው።

አሁን ወደ እናትህ ጉዞ። ነፋሱ በጠቅላላው መንገድ በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው እንበል። ሲሄዱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ፍጥነቱ 840 ይሆናል፤ ጉዞው 13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል፤ 960 ይሆናል፤ ጉዞው 12 ሰዓት። ልዩነቱ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ነፋሱ ግማሹን እንኳ አይመልስልህም። ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ (ከምሽቱ 2:58)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ሌላው ምንድን ነው?

ትኬት ቆራጯ (ከምሽቱ 3:05)

ሌላው ማረፊያ ነው። እኔ ስታዲየም አካባቢ እዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ በየቀኑ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መሄጃው በቀጥታ አይሄድም፤ መሃል ላይ ነዳጅ ሊሞላ ያርፋል። ማረፊያው እንደ ዘመኑና እንደ በረራው ይለያያል። ሮም ነበር፣ ደብሊን ነበር፣ በሎሜ የሚሄድም አለ። የእናትህ በየት እንደሆነ ትኬቱ ላይ ታየዋለህ። ብዙ ጊዜ ወደ አሜሪካ የሚቀጥለው ሰው አይወርድም። እዚያው ተቀምጦ ነዳጅ ይሞላል፣ ሠራተኛ ይቀየራል፣ ጽዳት ይገባል። ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

መመለሻው ግን ከዋሽንግተን ተነስቶ ቦሌ ነው። ያለ ማረፊያ።

ሜክሲኮ 77 (ከምሽቱ 3:09)

ማረፊያው ራሱ መንገዱን ያጣምመዋላ! ደብሊን የት፣ ዋሽንግተን የት!

ጡረተኛው መምህር (ከምሽቱ 3:31)

ጠፍጣፋ ካርታ ላይ እንዲያ ይመስላል። ሉል ካለህ ክር ያዝና ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወጥረው። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን፣ ስፔንና ፖርቱጋልን አቋርጦ ነው አትላንቲክ የሚገባው። አውሮፓ መንገድ ላይ ናት ማለት ነው።

ቁጥሩን አስልቼዋለሁ፤ ጡረታ ላይ ሌላ ምን ሥራ አለ። በሮም ብትሄድ ከቀጥታው የሚበልጠው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በደብሊን 270 ገደማ። በሎሜ ግን ወደ 1,200 ይጨምራል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ በረራ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ (ከምሽቱ 3:40)

ይኼማ ደስ ይላል። ግን አንዱ ጥያቄ ሌላ ወለደ። ሲመለስ ሳይሞላ የሚደርስ አውሮፕላን ሲሄድ ለምን መሙላት አስፈለገው? ታንኩ ያው ታንክ ነው።

ሃንጋር (ከምሽቱ 4:02)

ይኼንን እኔ ልመልሰው፤ እንጀራዬ ነው።

ታንኩ ችግር የለበትም። ኤርባስ ኤ350 ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የሚችል ማሽን ነው። ችግሩ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ክንፍ የሚያነሳው በአየር ነው፤ ሞተርም የሚገፋው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ያው ክብደት ያለው አውሮፕላን ከመሬት ለመላቀቅ እዚህ 12 በመቶ ያህል የበለጠ መሮጥ አለበት። በደከመ ሞተር የበለጠ ሩጫ ማለት ረጅም መንደርደሪያ ማለት ነው። መንደርደሪያው ቢበቃህ እንኳ ጎማው የፍጥነት ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ መሬት ላይ አትነዳውም። ከተነሳህ በኋላ ደግሞ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ተራራውን ማለፍ አለብህ። እንጦጦ ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ከቦሌ ሲነሱ ክብደት መቀነስ ግድ ነው። ኤ350-900 ሙሉ ክብደቱ 280 ቶን ገደማ ነው። በሰዓት ወደ 6 ቶን ነዳጅ ይበላል። ለ14 ሰዓት ስታስበው፣ መጠባበቂያውን ጨምረህ፣ ከ80 ቶን በላይ ነዳጅ ነው። ያንን ሁሉ ይዘህ፣ ሰው ሞልተህ፣ ጭነት ጭነህ ከቦሌ አትነሳም። ወይ ሰው ታወርዳለህ፣ ወይ ነዳጅ ትቀንሳለህ። አየር መንገድ ደግሞ ሰው ማውረድ አይወድም። ነዳጁን ቀንሶ መሃል ላይ ይሞላል።

ደላስ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። የሚገርመው መንደርደሪያው ከቦሌ ያጥራል፤ የኛ 3,800 ሜትር፣ የነሱ ረጅሙ 3,500 ገደማ። ግን አየሩ ወፍራም ስለሆነ ጢም ብሎ ተጭኖ ይነሳል።

ፒያሳ ማኅሙድ ጋ ጠብቂኝ (ከምሽቱ 4:06)

ዳገትና ቁልቁለት ነው ስል ሳቃችሁ። በሉ ይቅርታ ጠይቁኝ።

ጡረተኛው መምህር (ከምሽቱ 4:09)

አንተ የተናገርከው ተገልብጦ ነው። ከዳገቱ ጫፍ የምንነሳው እኛ ነን። ግማሽ ማርክ።

ዘጠነኛ ፎቅ (ከምሽቱ 4:20)

ሰበብ አይመስላችሁም? ሲንጋፖር ከኒው ዮርክ ጋር በቀጥታ ይበርራል። 15,300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ18 ሰዓት በላይ አየር ላይ። የኛ 11,560 ከዚያ በብዙ ያንሳል። እነሱም ኤ350 ነው የሚያበርሩት። እነሱ ሲችሉ እኛ ያቃተን?

ሃንጋር (ከምሽቱ 4:33)

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሲንጋፖር ያለችው ባሕሩ ዳር ነው፤ ኒው ዮርክም እንደዚያው። ከየትኛውም ጫፍ ቢነሱ አየሩ ወፍራም ነው። ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑ ለዚያ መንገድ ተብሎ የተዘጋጀ የኤ350 ዓይነት ነው። ወንበሩ 161 ብቻ ነው፤ ተራ ኢኮኖሚ የሚባል ክፍል የለውም። ማለትም ሰው አውርደው ነው ነዳጅ የጫኑት። ትኬቱን የሚገዛላቸው ሰው ስላለ ያዋጣቸዋል። የኛ በረራ ላይ እናቶች አሉ፣ ተማሪ አለ፣ ሻንጣውን እስከ መጨረሻው ኪሎ የሚሞላ ሰው አለ። 161 ወንበር ብትለው ዋጋውን የሚችለው የለም።

ቢሾፍቱ አካባቢ የተወሰነው አዲሱ ኤርፖርት አንዱ ጥቅሙ ይኼ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ትወርዳለች። 400 ሜትር ለእግረኛ ምንም አይደለም። ለ280 ቶን ግን ብዙ ነው።

የልደታ ሰው (ከምሽቱ 4:47)

የከፍታው ጣጣ ዛሬ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ በአስመራ አድርጎ ካይሮ። ሲ-47 የምትባለዋ ባለ ሁለት ፕሮፔለር። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም ነበር። ካይሮ በቀጥታ መስመር ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ 4 ሰዓት ገደማ የሚወስደው ያኔ አየር ላይ ብቻ 9 ሰዓት ያህል ነበር ማለት ነው። የሚነሱት ከልደታ ነው፤ እስከ ዛሬ ሰፈሩን አሮጌው ኤርፖርት የምንለው ለዚያ ነው። ጄት ሲመጣ፣ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720፣ የልደታ ሜዳ አልበቃም። ቦሌ ተሠራ። አሁን ደግሞ ቦሌ አልበቃ አለ።

ሜክሲኮ 77 (ከምሽቱ 4:55)

እሺ ተሸነፍኩ፣ ዙሩን ትቻለሁ። ግን የሱዳን ጦርነትስ? ጋሼ ክሩን በሱዳንና በሊቢያ ነው ያሳለፉት።

ሃንጋር (ከምሽቱ 5:01)

ልክ ነህ፣ ያም አለ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ተዘጋ። ሊቢያንም ብዙ አየር መንገድ ይሸሻል። ስለዚህ የሚበረረው መንገድ ከክሩ ይረዝማል። ደቂቃዎቹ ተጠራቅመው 17ቱን ይሞሉታል።

የካዛንቺሷ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20)

እናንተ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ፊዚክስ ስታስተምሩ አድራችሁ ዋናውን ነገር ረሳችሁት። ሰዓቱ! ሰው በረራ የሚያመልጠው በነፋስ አይደለም፤ በሰዓት አቆጣጠር ነው።

ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 22:30 ማለት ከምሽቱ 4:30 ነው። ይኼን ሁሉም ያውቃል። ጉዱ ያለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ትኬቱ «ረቡዕ 00:20» ካለ፣ እኛ ያንን ማክሰኞ ሌሊት 6:20 ነው የምንለው። ለኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለነሱ እኩለ ሌሊት ላይ። አጎቴ እንዲህ ያለ ትኬት ይዞ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ሄደ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ምንም አልቀረው። በር ላይ ያለው ጥበቃ ነው የነገረው። ሙሉ ትኬት እንደገና ተገዛ።

የአራት ኪሎ ልጅ፣ ትኬቱን አሁኑኑ አውጣና እይ። ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ከሆነ የምትወጡት በዋዜማው ማታ ነው። ቀኑንም በኛ አቆጣጠር ቀይረህ ግድግዳ ላይ ለጥፍላቸው። እናትህ ኅዳር ስንት እንደሆነ ነው የሚያውቁት፤ ዲሴምበር ምናቸው ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ (ከጠዋቱ 1:44)

የኔ እህት አመሰግናለሁ፣ አሁን አየሁት። 22:30 ይላል፣ ተመስገን። እንግዲያው መቼ ትደርሳለች? እህቴ የምትወጣበትን ሰዓት እየጠየቀችኝ ነው።

ትኬት ቆራጯ (ከጠዋቱ 2:30)

እንዲህ አስላው። በኛ ከምሽቱ 4:30 ይነሳሉ። 17 ሰዓት ጨምር፤ በማግስቱ ከቀኑ 9:30 ይሆናል። ይኼ የኛ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከኛ ወደ ኋላ ናት። ከኅዳር እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ሰዓቱን አንድ ስለሚገፉት 7 ይሆናል። 8 ቀንስ፤ ጠዋት 1:30፣ በነሱ 7:30። እንግዲህ ማታ ተነስተው ጠዋት ይደርሳሉ። ወረቀት ላይ 9 ሰዓት ብቻ የተጓዙ ይመስላል፤ ሰውነታቸው ግን የከሰዓት በኋላ 9:30 ነው የሚለው። ያን ቀን ምሳ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ዓይናቸው ይፈጣል። እህትህ እንዳትደነግጥ ንገራት።

ከወረዱ በኋላ ኢሚግሬሽኑ፣ ሻንጣው አለ። እህትህ 7:30 ላይ በር ላይ መቆም የለባትም፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወይም እስከዚያ አራስ። ሰው ትላክ።

የካዛንቺሷ (ከጠዋቱ 2:41)

ዊልቸር ጠይቅላቸው! ትኬት ቤት ደውለህ አሁኑኑ አስመዝግብ። ክፍያ የለውም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብለሃል፤ ደግሞም ቋንቋው ሲቸግር የሚመራቸው ሰው አብሮ ይመጣል። ሸኚ ቦሌ ውስጥ እንደማይገባ ታውቃለህ፤ በሩ ላይ ነው የምትለያዩት።

ትኬት ቆራጯ (ከጠዋቱ 2:52)

እውነቷን ነው። በዚያው ደግሞ የጾም ምግብ እዘዝላቸው። ኅዳር 15 ነቢያት ይገባል። ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ ካልታዘዘ፣ አስተናጋጇ ዶሮ ወይስ በሬ ብላ ስትጠይቃቸው 17 ሰዓት በዳቦ ሊያልፉት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ትንሽ ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ። መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ያዝላቸው፤ መስኮት ለእሳቸው እስር ቤት ነው።

ቋንጣ እንዳትልኩ። ሥጋ አይገባም፤ እዚያ ሲደርሱ ይጣላል። በርበሬውንም ሽሮውንም ቅጹ ላይ «ምግብ ይዣለሁ» ብለው ያሳውቁ። ሳያሳውቁ መገኘት ነው የሚያስቀጣው።

ዘጠነኛ ፎቅ (ከጠዋቱ 3:15)

ከአራት ኪሎ ቦሌ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን ማታ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይን ለማለፍ ሞክሩና ንገሩኝ። ለ4:30 በረራ 1 ሰዓት ላይ ኤርፖርት መድረስ አለባችሁ። በኔ ይሁንባችሁ ከ11:30 በፊት ውጡ። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫም አለ፤ እሁድ ከሆነ አደባባዩ ከጠዋት ይዘጋል። የናንተ ማታ ስለሆነ አያሰጋም፣ ግን ቀኑን እዩት።

የአራት ኪሎ ልጅ (ከጠዋቱ 3:40)

እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ዊልቸሩ ተመዘገበ፣ የጾም ምግቡም ታዘዘ። ለእናቴ የጋሼን ክር በብርቱካን ላይ አሳየኋት። «ታዲያ ፖርቱጋል ላይ ለምን አያርፍም፣ መንገዱ ላይ ከሆነች?» አለችኝ።

ጡረተኛው መምህር (ከጠዋቱ 3:58)

ሙሉ ማርክ። ሊስቦን ላይ ቢያርፍ ከክሩ ምንም ያህል አይርቅም። የት ማረፍ እንደሚያዋጣ ግን ካርታው ብቻ አይወስነውም፤ ፈቃዱ አለ፣ የነዳጁ ዋጋ አለ፣ እዚያ የሚሳፈር ሰው አለ። ሰላም በልልኝ።

የመርካቶ ነጋዴ (ከቀኑ 7:12)

ውይይቱን ስላገኘሁ ልጠይቅ። እኔ የምሄደው ጓንግዡ ነው። ለኔ ነፋሱ ተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው?

ሃንጋር (ከቀኑ 7:30)

አዎ። 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሄዱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ነፋሱ ከኋላ ነው፣ ወደ 10 ሰዓት። ሲመለሱ አንድ ሰዓት ያህል ይጨምራል። ለዚህ ርቀት የሚያስፈልገው ነዳጅ ከቦሌም ተጭኖ ስለሚነሳ በሁለቱም በኩል ማረፊያ የለውም። ቻይና ከኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። ማታ 5 ሰዓት ተነስተው ሲደርሱ እዚያ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ይሆናል፤ ያን ቀን ገበያ አልወጣም ብለው ያስቡ።